የጭስ መንገድ ስሌት፦ ለአሜሪካ ቪ-ኤይት መኪና የረጅም ቱቦ ሄደር አመራረጥ



የዛሬው ርእስ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚመጥን መስሎ ላይታይ ይችላል። ለአንድ ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና የሚገጠም የጭስ ቱቦ ምን የሚያስጠና ነገር አለው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ቢመላለስ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን በዚህ ቱቦ ውስጥ የሙቀት ሳይንስ፣ የሞገድ ሳይንስ፣ የብረታ ብረት ጥናትና የሕግ ጥያቄ በአንድነት ይገናኛሉ። ገዢውም ውሳኔውን የሚሰጠው በገዛ ገንዘቡ ነው፤ ከተሳሳተ የሚከፍለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለዕቃው፣ አንዴ ደግሞ ለጠፋው ጉልበት። ስለዚህ ዛሬ ማሳየት የምፈልገው የትኛው ዕቃ ከሁሉ ይበልጣል የሚለውን አይደለም። አንድ ሰው ከመግዛቱ በፊት ምን ምን ጥያቄ በምን ቅደም ተከተል መጠየቅ እንዳለበት ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

አሜሪካውያን «መስል ካር» የሚሉት፣ በእኛ አነጋገር ጡንቸኛ መኪና ልንለው የምንችለው፣ መካከለኛ መጠን ባለው አካል ላይ ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተጫነበት መኪና ነው። ብዙዎች የዘመኑን መነሻ በ1964 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣውን ፖንቲያክ ጂቲኦ አድርገው ይቆጥሩታል፤ የዚያ መኪና ሞተር 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ያህል ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፎርድ ሙስታንግና ሼቭሮሌ ካማሮም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ሆነው ይጠራሉ።

እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ጭሱን ከቴስታታው የሚቀበለው በአመዛኙ ከፈሰስ ብረት የተሠራ ማኒፎልድ ነበር። ማኒፎልዱ ርካሽ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ድምፅም ያፍናል፣ ቦታም አይፈጅም። ጉድለቱ የአራት ሲሊንደሮችን ጭስ በአጭር ርቀት ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ጨምሮ እርስ በርሳቸው እንዲጋፉ ማድረጉ ነው። ሄደር የሚባለው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱን የብረት ቱቦ ሰጥቶ፣ አራቱን ቱቦዎች ወደ አንድ ማሰባሰቢያ የሚያገናኝ ዕቃ ነው። ቱቦዎቹ አጭር ከሆኑ አጭር ሄደር፣ ሰማንያና ዘጠና ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆኑ ረጅም ቱቦ ሄደር ይባላል።

ጭስና ሞገድ

በጭስ ቱቦ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጓዛሉ፤ እነርሱን አለመለየት የብዙ ክርክር ምንጭ ነው። አንደኛው ጭሱ ራሱ ነው። ሁለተኛው በጭሱ ውስጥ የሚያልፈው የግፊት ሞገድ ነው። ሞገዱ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነው። በተራ አየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከስድስት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ጭስ ውስጥ ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል።

የመውጫው ቫልቭ የሚከፈተው ፒስቶኑ ታች ከመድረሱ በፊት ነው። በዚያ ቅጽበት በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር እጅግ ስለሚበልጥ ጭሱ ገንፍሎ ይወጣል፤ የግፊቱም ሞገድ በቱቦው ቁልቁል ይሮጣል። ሞገዱ ቱቦው ሰፍቶ ወደ ማሰባሰቢያው በሚከፈትበት ቦታ ሲደርስ ከፊሉ ተገልብጦ ይመለሳል። ተገልብጦ ስል፣ ግፊት ሆኖ የሄደው ስበት ሆኖ ይመለሳል ማለቴ ነው። ይህ ስበት ወደ ቫልቩ የሚደርሰው የመግቢያውና የመውጫው ቫልቭ አብረው በሚከፈቱበት አጭር ጊዜ ውስጥ ከሆነ፣ የቀረውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል፤ አዲሱንም ድብልቅ ስቦ ያስገባል። የረጅም ቱቦ ሄደር ዋናው ምስጢር ይኸው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቱቦው 85 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ 1.7 ሜትር ይጓዛል። በሰከንድ 600 ሜትር ፍጥነት ይህ 2.8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር፣ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ክራንክ ሻፍቱ 36 ዲግሪ ይዞራል፤ ስለዚህ ሞገዱ እስኪመለስ ክራንክ ሻፍቱ 102 ዲግሪ ያህል ዞሯል። በደቂቃ 3000 ዙር ከሆነ ግን 51 ዲግሪ ብቻ ነው። ፒስቶኑ ጭሱን እየገፋ ጉዞውን ሲያጋምስ፣ ማለትም ከላይኛው ጫፍ 90 ዲግሪ ሲቀረው የተነሣውን ሞገድ እንውሰድ። በ6000 ዙር ይህ ሞገድ የሚመለሰው ፒስቶኑ ላይኛውን ጫፍ ጥቂት እንዳለፈ ነው፤ ሁለቱም ቫልቮች በዚያን ጊዜ በከፊል ክፍት ናቸው። ቱቦው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ግን ሞገዱ በ48 ዲግሪ ተመልሶ፣ የመግቢያው ቫልቭ ገና ሳይከፈት ይደርሳል፤ ማንንም አይጠቅምም።

ስሌቱ የቀለለ ነው፤ እውነተኛው ሞገድ አንድ ነጥብ ሳይሆን ረዘም ያለ ጉብታ ነው፣ የጭሱም ሙቀት በየስፍራው ይለያያል። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። የጊዜው ርዝመት የሚወሰነው በቱቦው ነው፣ የዲግሪው ብዛት ግን በዙሩ ፍጥነት ይለወጣል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ጥቅሙ ወደ ዝቅተኛ ዙር ይወርዳል፤ ባጠረ ቁጥር ወደ ከፍተኛ ዙር ይወጣል። አንድም ቱቦ በሁሉም ዙር እኩል አይሠራም።

«የኋላ ግፊት» የሚባለው

በጋራዦች ዘወትር የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «ሞተር ጥቂት የኋላ ግፊት ያስፈልገዋል» ይባላል። አባባሉ ትክክለኛ ከሆነ ትዝብት የተነሣ የተሳሳተ ድምዳሜ ነው። ትዝብቱ ይህ ነው፦ አንድ ሰው እጅግ ሰፊ ቱቦ ሲገጥም መኪናው በዝቅተኛ ዙር ይደክማል። ከዚህ ተነሥቶ የጠፋው የኋላ ግፊት ነው ብሎ ይደመድማል። በእርግጥ የጠፋው የጭሱ ፍጥነት ነው። ቱቦ ሲሰፋ ያው ጭስ በዝግታ ይፈሳል፤ ዝግ ያለ ጭስ ደግሞ ከኋላው የሚተወው የስበት ኃይል ደካማ ነው፣ የሞገዱም ጉልበት ይላላል። ፒስቶን ጭሱን ለመግፋት የሚያወጣው ኃይል ሁሉ ከመንኮራኩሩ የሚቀነስ ስለሆነ፣ የኋላ ግፊትን የሚወድ ሞተር የለም።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። አባባሉን ያመነ ሰው ቱቦውን ትክክለኛ መጠን አድርጎ ሲያበቃ ማርሚታውን አላግባብ ያጠባል። ፍጥነት እንደሚያስፈልግ የተረዳ ሰው ግን የሄደሩን ቱቦ በልክ ያደርግና ከማሰባሰቢያው በኋላ ያለውን መንገድ በተቻለ መጠን ክፍት ይተዋል። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ትዝብት ተነሥተው ወደ ተቃራኒ ሥራ ይሄዳሉ።

የተኩስ ቅደም ተከተል

የቪ-ኤይት ሞተር ሌላም ጠባይ አለው። የሼቭሮሌን ጥንታዊ ትንሹን ሞተር እንውሰድ፤ ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት በ1-8-4-3-6-5-7-2 ቅደም ተከተል ነው። በየ90 ዲግሪው አንድ ተኩስ አለ። ጎዶሎ ቁጥሮቹ በግራ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በቀኝ ጎን ናቸው። በግራው ጎን ያሉትን ብቻ ብንከተል፣ ከ1 እስከ 3 ያለው ርቀት 270 ዲግሪ፣ ከ3 እስከ 5 ደግሞ 180፣ ከ5 እስከ 7 ያለው 90 ብቻ፣ ከ7 ተመልሶ እስከ 1 ድረስ 180 ዲግሪ ነው። ስለዚህ 5ና 7 ተከታትለው፣ ጎን ለጎን ይተኩሳሉ። በፈሰስ ብረት ማኒፎልድ ውስጥ የ7 ጭስ ገና ባልጠራው የ5 መውጫ ላይ ይጋፋል። እነዚህ መኪኖች የሚታወቁበት የሚንገጫገጭ ድምፅም ከዚሁ ካልተስተካከለ ቅደም ተከተል የሚመጣ ነው።

ረጅም ቱቦ የሚሰጠው አንዱ ትልቅ ጥቅም ይህን ግፊያ ማራራቁ ነው። አራቱ ቱቦዎች በአንድ ማሰባሰቢያ የሚገናኙበት አሠራር አለ፤ ሁለት ሁለቱ አስቀድመው ተጣምረው ኋላ ወደ አንድ የሚገቡበት፣ «ትራይ-ዋይ» የሚባል አሠራርም አለ። የ1965ቱ ሼልቢ ጂቲ350 ይህን ሁለተኛውን ተጠቅሟል። በምሳሌያችን 1ን ከ5፣ 3ን ከ7 ጋር ብናጣምር በየጥንዱ መካከል ያለው ትንሹ ርቀት 270 ዲግሪ ይሆናል፤ 5ና 7 አይነካኩም። ትራይ-ዋይ በመካከለኛ ዙር ሰፋ ያለ ጉልበት ሲሰጥ፣ አራት-ወደ-አንድ የሚባለው በከፍተኛ ዙር ይበልጠዋል። የግራውንና የቀኙን መስመር ከማሰባሰቢያው በኋላ የሚያገናኝ መስቀለኛ ቱቦ መጨመርም የሁለቱን ጎኖች ግፊት ያስተካክላል፣ ድምፁንም ያለዝባል።

የቱቦው ውፍረት

በገበያ የሚገኙት የቱቦ ዲያሜትሮች ጥቂት ናቸው፤ 1 5/8 ኢንች (41 ሚሊ ሜትር)፣ 1 3/4 ኢንች (44 ሚሊ ሜትር)፣ 1 7/8 ኢንች (48 ሚሊ ሜትር) እና 2 ኢንች (51 ሚሊ ሜትር)። በእጅ ሲያዙ ልዩነታቸው ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ስፋት በዲያሜትር ካሬ ስለሚያድግ፣ የ1 7/8 ቱቦ ከ1 5/8 በ33 ከመቶ ይሰፋል። ይህ ማለት በዚያው ዙር የጭሱ ፍጥነት በአንድ አራተኛ ይቀንሳል ማለት ነው።

መሥፈርቱ እያንዳንዱ ሲሊንደር በምን ያህል ዙር ምን ያህል ጭስ እንደሚያወጣ ነው። 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር 5.7 ሊትር ነው፤ ለአንድ ሲሊንደር 0.7 ሊትር ጥቂት ፈቀቅ ይላል። ካም ሻፍቱ ለዘብ ያለ፣ ከ5500 ዙር በላይ የማይዘልቅ ከሆነ 1 5/8 ይበቃዋል። ቴስታታው ተሻሽሎ፣ ካም ሻፍቱ ጠንክሮ ወደ 6500 ዙር የሚሮጥ ከሆነ 1 3/4 ተገቢ ነው። እንደ 454 ያሉ 7.4 ሊትር ሞተሮች፣ ወይም ስድስት ሊትር ከፍ ያሉ ዘመናዊ ሞተሮች፣ 1 7/8ና ከዚያ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አስጠነቅቃለሁ። በዕቃው ሣጥን ላይ የሚታተመው የፈረስ ጉልበት ቁጥር የተለካው ጋዙ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ጉልበቱ በሚበልጥበት አንድ ዙር ላይ ነው። በመንገድ ላይ የሚነዳ መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ግን በ1500ና በ4000 ዙር መካከል ነው። ጉልበት የቶርክና የዙር ብዜት ስለሆነ፣ በ6500 ዙር አሥር ፈረስ የጨመረ ቱቦ በ2500 ዙር ቶርክ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ሣጥኑ ግን ይህን አይነግራችሁም። ጠቅላላው መስመር የተሳለበትን ግራፍ ጠይቁ፤ ሻጩ ከሌለው፣ አለመኖሩም ራሱ መረጃ ነው።

ብረቱና አገጣጠሙ

ርካሹ ሄደር ከተራ ብረት የሚሠራና ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለሙ በመጀመሪያው ሙቀት ይቃጠላል፣ ዝገቱም ይከተላል። ከዚያ የሚሻለው የሴራሚክ ሽፋን ያለው ነው፤ ዝገትን ይከላከላል፣ ሙቀቱንም በቱቦው ውስጥ ያቆያል። ከሁሉ የሚዘልቀው 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ ከፍ ይላል። የቱቦው ግድግዳ 1.65 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ቱቦን በጨርቅ መጠቅለል የሞተሩን ክፍል ያቀዘቅዛል፤ በተራ ብረት ላይ ግን እርጥበት ስለሚይዝ ዕድሜውን ያሳጥራል።

ከቴስታታው ጋር የሚገናኘው ሰሌዳ ወፍራም መሆን አለበት፤ 9.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ልክ ነው። ቀጭን ሰሌዳ በሙቀት ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይተነፍሳል። ትንፋሽ ደግሞ ድምፅ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ ባላቸው መኪኖች ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የሚኖር ሽንቁር ውጪያዊ አየር ያስገባል፤ ሴንሰሩ «ነዳጅ አነሰ» ብሎ ያነባል፤ ኮምፒውተሩም ያለ ምክንያት ነዳጅ ይጨምራል። ጭሱ ወደ መኪናው ውስጥ ከገባም ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው። ብሎኖቹ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።

ሌላው የሚረሳው ቦታ ነው። ረጅም ቱቦ በመሪው ዘንግ፣ በሞተሪኖው፣ በፍሪሲዮኑ ማንቀሳቀሻና በዘይት ፊልትሮው መካከል መሹለክ አለበት። በሼቭሮሌ ትንሹ ሞተር ሞተሪኖው በቀኝ፣ የዘይት ፊልትሮው በግራ ነው፤ ሁለቱም ወደ ቱቦው ይጠጋሉ። በ1960ዎቹ ሙስታንግ ደግሞ የፊት ሞላዎቹ ማቀፊያ ግንቦች የሞተሩን ክፍል ያጠቡታል። አንድ ካንዴላ ለመለወጥ ሄደሩን ማውለቅ የሚጠይቅ ዕቃ፣ ጉልበቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ መጥፎ ግዢ ነው። ማሰባሰቢያውም አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው በታች ከሁሉ ዝቅ ያለው ክፍል ስለሚሆን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባለበት መንገድ ይህ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

ሕግና ኅሊና

ካታሊቲክ ኮንቨርተር በአሜሪካ መኪኖች ላይ በስፋት የገባው ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነው። በዘመናዊ መኪኖች ላይ ይህ ዕቃ ከሞተሩ አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ ረጅም ቱቦ ሄደር የሚያርፈው እርሱ ባለበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሄደሩን ለመግጠም ኮንቨርተሩ መነሣት ወይም መዛወር አለበት። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ በመንገድ ላይ በሚነዳ መኪና የጭስ መቆጣጠሪያን ማንሣትም ሆነ ከሥራ ውጪ ማድረግን ይከለክላል። በካሊፎርኒያ 1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከየጊዜው የጭስ ምርመራ ነጻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ለተሠሩት ግን የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ ፈቃድ ቁጥር ያለው ዕቃ ያስፈልጋል፤ ያ ፈቃድ በአመዛኙ የሚገኘው ለአጭር ሄደሮች ነው። አንዳንድ ሻጮች «ለውድድር ሜዳ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ኃላፊነቱን በገዢው ላይ ይጥላሉ። ገዢው ይህን አንብቦ መረዳት አለበት።

ከሕጉ በላይ ያለውንም ልበል። ኮንቨርተሩ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይቀንሳል። እርሱን አንሥቶ የሚነዳ ሰው ያገኘውን ጉልበት ለራሱ ይወስዳል፤ ዋጋውን ግን ከኋላው የሚተነፍሰው ሕዝብ ይከፍላል። በከተማችን ማርሚታ አውልቆ ማስጮህን እንደ ጀግንነት የሚቆጥር ወጣት ካለ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ለእርሱም ነው።

ሁለት ምሳሌዎች

የተባለውን በሁለት መኪኖች ላይ እንፈትነው። የመጀመሪያው የ1969 ካማሮ ነው፤ 350 ሞተር፣ ካርቡሬተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ለዘብ ያለ ካም ሻፍት፤ ባለቤቱ ቅዳሜና እሑድ በከተማ ይነዳዋል። ኮንቨርተር ስለሌለው የሕጉ ጥያቄ ይቀልላል። ምርጫዬ 1 5/8 ኢንች ረጅም ቱቦ፣ ሴራሚክ የተሸፈነ፣ ወፍራም ሰሌዳ ያለው ነው፤ ቀጥሎም የካርቡሬተሩን ዤት እንደገና መመጠን ያስፈልጋል፣ ሞተሩ ከበፊቱ የተሻለ ስለሚተነፍስ። 1 7/8 ገዝቶ ቢገጥም በወረቀት ላይ ያተርፋል፤ ከመብራት ላይ ሲነሣ ግን ይከስራል።

ሁለተኛው የ2010 ካማሮ ኤስኤስ ነው፤ 6.2 ሊትር ሞተር ያለው፣ ባለቤቱ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚሄድበት። በዚህ መኪና ላይ ረጅም ቱቦ መግጠም ጉልበት እንደሚጨምር አልጠራጠርም። ሆኖም ኮንቨርተሩን ያነሣል፤ የሴንሰር ገመዶችን ማርዘም፣ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል፤ ምርመራ ባለበት ግዛትም መኪናውን ከመንገድ ሊያግደው ይችላል። ምክሬ ፈቃድ ያለው አጭር ሄደር እንዲገጥም፣ ወይም የፋብሪካውን ማኒፎልድ ትቶ ገንዘቡን ለጎማና ለፍሬን እንዲያውል ነው። ያው መኪና ለውድድር ሜዳ ብቻ የተለየ፣ በተሳቢ የሚጓጓዝ ቢሆን መልሴ ይለወጥና 1 7/8 ረጅም ቱቦ እላለሁ። መልሱን የለወጠው የመኪናው ዓላማ ነው።

ለእኛም አንድ ቃል ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ወለል የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ስለዚህ ከውጭ የመጣን ማንኛውንም ስሌት፣ የቱቦም ይሁን የነዳጅ፣ በአገራችን አየር ላይ ዳግመኛ ሳንለካ አንቀበለው።

ለማጠቃለል፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መኪናው ለምን ይነዳል? ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ በስንት ዙር ይሠራል? ሕጉ ምን ይፈቅዳል? በሞተሩ ክፍል ውስጥ ቦታው አለ? ከዚህ በኋላ ርዝመት፣ ዲያሜትር፣ ብረት፤ በመጨረሻም ዋጋ። ብዙ ሰው ከዋጋና ከድምፅ ይጀምርና ወደ ዓላማው ሳይደርስ ገንዘቡ ያልቃል። ከመሐንዲስ የሚጠበቀው ቅደም ተከተሉን ጠብቆ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በቁጥር መደገፍ ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።